ሦስት ጣት ይዘን ወደ አምባሰል

ሊነጋጋ ሲል፣ ደሴ

የደሴ ብርድ ሳይነጋ ሌላ ነው፤ ጆሮ ይቆርጣል። የጭነት መኪናው ሞተር ይንተከተካል፤ ላዩ ላይ ቤታችን አለ። ቤታችን ስል አልጋው፣ ፍራሹ፣ የጋዝ ምድጃው፣ ሁለት ወንበር፣ ሻንጣዎችና የእኔ የመጻሕፍት ካርቶን። ትናንት ከአዲስ አበባ ስንወጣ ብዙ ዕቃ ያለን መስሎኝ ነበር። ዛሬ በሰማያዊ ሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ተጠፍሮ ሳየው «ኑሯችን ሁሉ ይቺው ናት እንዴ?» አልኩ። ባሌ አራጋው ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ መኪናውን ይዞራል።

በዚህ ገጽ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ሰልፍ ስነጫነጭ ችላችሁኝ የኖራችሁ አንባቢዎቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው። አራጋው ማሲንቆ መቺ ነው። የተወለደው አምባሰል፣ ከውጫሌ በላይ ተራራው ላይ ባለች መንደር ነው። የዚያች መንደር ሰርግ፣ ክርስትና፣ ደቦ ያለ ማሲንቆ አይሆንም። እስካሁን የሚመቱት አጎቱ አያ ይመር ነበሩ፤ አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወደ ልጃቸው ቤት ገቡና ለአራጋው ደወሉለት፤ «ና፣ ቤቱን ተረከብ» አሉት። ቤቱ የማሲንቆ መቺው ቤት ነው፤ ከነጓሮው። የሠራው መንደሩ ነው፤ የሚኖርበትም መንደሩን የሚያጫውተው ሰው ነው።

አንድ ሥርዓት ደግሞ አለ። ወደዚያ ቤት የሚገባ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሞ የአምባሰልን ቅኝት ሳይመታ ጭነቱ አይራገፍም። ሰዉ ይሰማል፤ ደግ ነው ከተባለ ገመድ ይፈታል። ካልተባለ አህያው ከነጭነቱ ይመለሳል። ዱሮ አህያ ነበር፤ ዛሬ የጭነት መኪና ሆኗል።

እኛ ደግሞ የምንመለስበት የለንም። አዲስ አበባ የነበርንበትን ቤት አስረክበናል፤ ገና ደረጃውን ወርደን ሳንጨርስ አዲሶቹ ተከራዮች ሶፋቸውን ተሸክመው ቆመው ነበር።

ይህ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። የሚያስጨንቀኝ የአራጋው የግራ እጅ ቀለበት ጣት ነው። አምና የታክሲ በር ተዘጋበት። አጥንቱ ገጠመ፤ ጣቱ ግን መታጠፍ እምቢ አለ፤ ቀጥ ብሎ ቀረ። ማሲንቆ ያለው አንድ ጭራ ነው። ጭራው ሳይነካ አንድ ድምፅ ይሰጣል፤ አራቱ ጣቶች አራት ይጨምራሉ። አምስት ሆነ፤ ቅኝቱም አምስት ነው፤ ትርፍ የለውም። አሁን ባሌ ያሉት ሦስት ጣቶች ናቸው። ትንሿን ጣት ጎትቶ የጎደለችውን ሊሞላት ይሞክራል፤ ትዘገይበታለች፣ ስትደርስም ትዛነፋለች።

ቤት ውስጥ ሲለማመድ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ፣ ሳላውቀው፣ ያቺን የጎደለች ድምፅ ከወጥ ቤት እሞላለት ነበር። አንድ ቀን ደጋኑን አስቀመጠና «ሰው ፊት እንዳታደርጊው» አለኝ። «ጎዶሎዬን በጣት እንደ ማሳየት ነው።» ማልኩለት። እኔስ ሰው ፊት ምን አፍ አለኝና! እናቴ እሱን ሳገባ ያለችኝ አንድ ነገር ነው፤ «እሱ ይዝፈን። አንቺ ግን አዝማሪ አገባሽ እንጂ አዝማሪ እንዳትሆኚብኝ።»

አያ ይመር ስለ ጣቱ አያውቁም። እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ ሲል ይኸው ተጭነን ቆምን።

ሾፌራችን ሰይድ የሐይቅ ልጅ ነው፤ መፋቂያ ከአፉ አይጠፋም። «ቢስሚላህ» ብሎ ማርሽ አስገባና ገና ሳንንቀሳቀስ ውሉን ነገረን። «ሳይመሽ ከተራራው መውረድ አለብኝ። የዚህ ሰሞን መንገድ ሲመሽ አይታመንም። ደርሰን፣ አራግፈን፣ ዞር ነው።»

እኔና አራጋው ተያየን። ስለ ሥርዓቱ ማንም ትንፍሽ አላለም።

ረፋድ ላይ፣ ሐይቅ

ቁልቁለቱን ወርደን ባሕር ዛፎቹ ሲሳሱ ሐይቁ ብቅ አለ። ሰፊ ነው፤ ዳር ዳሩ ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲህ የጎመንና የሽንኩርት መደብ፣ ከመደቡ ወዲህ የውሃ መሳቢያ ሞተር ይጮኻል። ሰይድ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ ጋ አቆመና «የኛን ዓሣ ሳትበሉማ አታልፉም» አለ። ዓሣው ከነጭንቅላቱ ተጠብሶ፣ ጎን ጎኑ ተተልትሎ፣ በሎሚና በሚጥሚጣ መጣ። ዋጋው ከአዲስ አበባው በጣም ስለረከሰልኝ ሁለተኛ ሳህን አዘዝኩ። እንዲህ ነኝ፤ ስፈራ እበላለሁ። አራጋው ሲፈራ የማይበላ ዓይነት ነው፤ እንጀራውን እየቆረሰ ትሪው ላይ ይከምራል።

የሰይድ ስልክ ጮኸ። ከፊት የሄደ ሾፌር ነው። «አስቁመዋል? ማንን? … እሺ፣ አብሽር።» ስልኩን ዘጋ። «ከውጫሌ ወዲህ መኪና አስቁመዋል አሉ። ትንሽ እንያት።»

ትንሿ ረዘመች። ሌላ ሁለት የጭነት መኪና መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ሾፌሮቹ ወርደው ጥላ ሥር ተቀመጡ፤ እየደወሉ ይጠያየቃሉ፤ አንዱ ተከፈተ ይላል፣ አንዱ ኧረ አልተከፈተም ይላል። አራጋው ማሲንቆውን ከመኪናው አውጥቶ ወደ ውሃው ዳር ወረደ። ጀርባውን ለኛ፣ ፊቱን ለሐይቁ ሰጥቶ መምታት ጀመረ።

ተከትዬው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አምባሰል ነው። ውሃ ላይ ሲሄድ ደግሞ ያባባል። ያቺ ቦታ ስትደርስ ትንሿ ጣት ተጎተተች፤ ቀረች። ደገመው፤ ተዛነፈች። ድምፅዋ ጉሮሮዬ ድረስ መጥታ ነበር፤ በነጠላዬ ጫፍ አፌን ያዝኩ።

«ሰማሽ?» አለኝ ሳይዞር።

«አልሰማሁም።»

«ውሸታም።»

ወዲያው ስልኩ ጮኸ። አያ ይመር ናቸው፤ ድምፃቸው እኔ ጋ ድረስ ይሰማል። «የት ደረሳችሁ? ሰዉ እኮ ከአሁኑ ተሰብስቧል። ነገ ደግሞ የሙሄ ልጅ ሰርግ ነው፤ አንተን ብለን ሌላ አልጠራንም።» አራጋው «እሺ አያ ይመር… አዎ… እሺ» ብቻ ነው ያለው። ሦስተኛው እሺ ላይ «አሁን ንገራቸው!» ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ስልኩን ዘጋው። ልመታው ነበር።

ኬላው

መንገዱ ተከፍቷል ተባለ፤ ተነሣን። ማሽላው ግራ ቀኝ ዘለላ ይዞ ቆሟል። ሰይድ መፋቂያውን ትቶታል። አንድ መታጠፊያ ላይ ገመድ ተዘርግቶ ጠመንጃ የያዙ ልጆች አስቆሙን።

አንደኛው መኪናውን ዞሮ መጣና በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየ። ዓይኑ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ በእግራችን መሀል የቆመው ነገር ላይ አረፈ። ጫፉ ቀጥ ብሎ ወጥቷል። ያኔ ነው እኔም ምን እንደሚመስል የታየኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ማሲንቆ ነው» አለ አራጋው።

«ውረድ። ቀስ ብለህ ፍታው።»

አራጋው ወርዶ መፍታት ጀመረ። የማይታጠፈው ጣት ከብርድ ልብሱ ክር ጋር ተያያዘበት፤ ዘገየ። ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ፤ ጓደኛውም ቀና ብሎ ቆመ። ሰይድ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ «ያ ረቢ፣ ያ ረቢ» ይላል። በመጨረሻ ሳጥኑም ደጋኑም ወጣ። ልጁ ትከሻው ወረደ።

«ያንተ ነው? ምታ እስቲ።»

አራጋው አስፋልቱ ዳር ቆሞ መታ። ፊቱ አመድ መስሏል። ልጁ አንገቱን ዘመም አድርጎ አዳመጠ፤ በንግግሩ የዚሁ አገር ልጅ ነው።

«አምባሰል ነው አይደል?»

«ነው።»

«አንዷን ዋጥካትሳ!»

«ጭራው ረጥቦ ነው» አለ አራጋው።

ልጁ ሳቀና ገመዱን አወረደ። እኛ ጋ የሳቀ የለም። ጠመንጃ ይዞ ፀሐይ ላይ የዋለ ልጅ ከሰማት፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የመቷት አያ ይመር እንዴት ያልፏታል?

ትንሽ እንደ ሄድን ሰይድ «ምንድን ነው ነገሩ?» አለ። እኔ መደበቅ አልችልም፤ ዘረገፍኩለት፤ ጣቱንም፣ ቤቱንም፣ ጭነት አይራገፍም የሚለውንም። ፍሬኑን ያዘና ወደ እኔ ዞረ።

«እትዬ፣ ተራራ ላይ ወጥቼ፣ መሽቶብኝ፣ ቆሜ ዘፈን ላዳምጥ ነው?»

«ቶሎ ያልቃል።»

«ካልወደዱትስ?»

አራጋው ብርድ ልብሱን ማሲንቆው ላይ አጠበቀ።

ቀትር፣ ውጫሌ

ውጫሌ ገበያዋ ነው። ባጃጆች በበግና በሰው መሀል እየተጋፉ ያልፋሉ፤ የበርበሬው መደብ አፍንጫ ይቆነጥጣል፤ ማሽላ የጫኑ አህዮች መንገዱን ይዘው ንቅንቅ አይሉም። አራጋው የደጋኑን ጭራ የሚያሽበት ዕጣን ለመግዛት ወረደ፤ እኔም ተከተልኩት።

ዕጣን ሻጩ አንድ አንኳር አንሥቶ ሲሰጠው «ለማሲንቆ ነው?» አለ። «አያ ይመርን ልትተካ የመጣኸው አንተ ነህ? ወዲያ ማዶ ያለ አንድ ወጣትም ዓይኑን ጥሎባታል ይሉ ነበር፤ ቤቷ ላይ። ጣቱ እሳት ነው አሉ።» ክፉ አስቦ አይደለም፤ ወሬ ነው። አራጋው ግን መልሱን ሳይቀበል ሄደ፤ ተቀብዬ እየሮጥኩ ደረስኩበት።

«እንመለስ» አለኝ።

«ወዴት?»

ወደ መኪናችን አየ፤ ሰማያዊው ሸራ ከገበያው በላይ ጉብ ብሎ ይታያል። መኪናው ላይ ወጣና ተቀመጠ። እኔ ተናደድኩ፤ በሱ አይደለም፣ በታክሲው በር፣ በአከራያችን፣ በዚያች በማትታጠፍ አጥንት። ዳቦ ገዛሁና መኪና ውስጥ ብቻዬን ጨረስኩት።

ዳገቱ

ከውጫሌ በላይ አስፋልት ቀረ። መንገዱ በገደሉ ደረት ላይ እየተጠመዘዘ ይወጣል። ከላይ ቀይ ቋጥኝ፣ ከታች እርከን የተሠራበት የጤፍ ማሳ፣ ከዚያ በታች ላለማየት የመረጥኩት ገደል። በየመታጠፊያው ዕቃችን ሸራው ውስጥ ይንገዳገዳል፤ የሆነ ነገር ተሰበረ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

አንድ ቦታ ትናንት በዘነበው ዝናብ መንገዱ ታጥቦ የኋላ ጎማ መሽከርከር ጀመረ። መኪናው ወደ ኋላ ሸርተት አለ። «ውረዱ!» ብሎ ጮኸ ሰይድ። ዘለን ወረድን። አራጋው ከዳገቱ ድንጋይ እያነሣ ያቀብለኛል፤ እኔ ጎማው ሥር እየወሸቅኩ ወደ ኋላ እሸሻለሁ። መኪናው ጮኸ፣ ጨሰ፣ ያዘ፣ ወጣ። እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። አራጋው ሊያነሣኝ እጁን ሰጠኝ፤ ግራውን ነበር። ቀጥ ያለችዋ ጣት መዳፌን ወጋችኝ።

«አልዋሽም» አለኝ። «ጎትቼም አልሞላትም። ባዶ ቦታዋን ባዶ እተወዋለሁ። ያባርሩኝ።»

ሰይድ ከላይ ጡሩምባ ነፋብን። ፀሐዩ ወደ ማዶው ተራራ ማዘንበል ጀምሯል።

ሊመሽ ሲል፣ ደጃፉ

ቤቷ ትንሽ ናት፤ የድንጋይ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ ጓሮዋ ላይ ጌሾና ዱባ። በሯ ተቆልፏል። ደጃፉ ላይ መንደሩ ሁሉ ቆሟል፤ ጋቢ የለበሰው፣ ሽርጥ ያገለደመው፣ ልጅ ያዘለችው። አቀፉን፣ ሳሙን፣ ውሃ ሰጡን፤ «እንዴት አላችሁ? መንገዱ እንዴት አደረጋችሁ? አልሐምዱሊላህ በሰላም ገባችሁ» ተባባልን። መኪናው አጠገብ ግን ማንም አልደረሰም።

አያ ይመር በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ረጅም ናቸው፤ እጆቻቸውን እንዳይንቀጠቀጡ ጉልበታቸው መሀል ይዘዋቸዋል። «በል እንግዲህ» አሉ።

አራጋው ደጋኑን በዕጣኑ አሸ። መታ። የመጀመሪያው ሐረግ ሲወጣ አንድ ሽማግሌ «እሰይ!» አሉ። ከዚያ ያቺ ቦታ መጣች። አልጎተታትም፤ ባዶዋን ተዋት። ቀጠለ። ዞሮ መጣ፤ አሁንም ተዋት። ሰው ፊት ላይ ነገሩ ሲገባ አየሁት፤ አንዱ ወደ አንዱ ዞረ። ሦስተኛው ላይ ከፊት የተቀመጡት እትየ ጦይባ፣ ጥቁር ሻሽ ያሰሩ ትልቅ ሴትዮ፣ አልቻሉም፤ «ኧረ በአላህ ሙላው! ሆዴን ባዶ አታድርገው!» አሉ።

አያ ይመር እጃቸውን አነሡ። ደጋኑ ቆመ።

«ግራ እጅህን አሳየኝ።»

አሳያቸው። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ጣቱን ያዙና ሊያጥፉት ሞከሩ። አልታጠፈም።

«መቼ ነው?»

«ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርዎ ና ይሉኝ ነበር?»

አያ ይመር አሰቡ። «አልልህም ነበር» አሉ።

ሰይድ ከመኪናው ወርዶ ሰማዩን አየ፣ እኔን አየ። «አያ ይመር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ መሸብኝ። ላራግፍ ወይስ ልመልሳቸው?»

አራጋው ማሲንቆውን በብርድ ልብሱ መጠቅለል ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ልጅ እንደሚጠቀለል። ያንን ሳይ የማልኩት መሐላም፣ የእናቴም ቃል፣ ሁሉም ጠፋብኝ።

«ኧረ አሁንስ ደከመኝ!» ብዬ ጮኽኩ። «ያቺ ድምፅ ናት የጎደለችው? እኔ ጋ አለች!»

«ተይ» አለኝ አራጋው።

«አልተውም!»

አያ ይመር ገና ያኔ ነው በደንብ ያዩኝ። «አንቺ አዝማሪ ነሽ?»

«አይደለሁም። ሚስቱ ነኝ።»

ወደ አራጋው ዞሩና «ፍታውና ምታ» አሉት።

ፈታው። መታ። ቦታዋ ስትደርስ አወጣኋት። ግጥም የለው ምን የለው፤ «እ» ብቻ። ድምፄ ተሰነጠቀ፤ ጆሮዬ ጋለ። ሁለተኛው ላይ ቀና አለች። ሦስተኛው ላይ አራጋው ደጋኑን ለኔ ትንፋሽ ጠበቀው። እትየ ጦይባ «እህ!» አሉና ተደላድለው ተቀመጡ። መሬት እንድትውጠኝ እየለመንኩ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ተቀበይ!»

እዚያ አገር ግጥም ሲሰጥሽ ትቀበያለሽ፤ አልልም አይባልም። የተሰጠሽን ብለሽ ትጨርሻለሽ፤ የሚቆጣ ካለ በሰጪው ይቆጣል። ከአራጋው አሥር ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አንድ ቀን ለኔ ይመጣል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። እሳቸው አሉ፣ እኔ ፊቴን ወደ አያ ይመር አዙሬ አልኩ፦

መኪናው ላይ ቆሟል አልጋው ከነትራሱ፣
ወይ ግቡ በሏቸው አለዚያም መልሱ።

ሰዉ «እሰይ!» አለ። ሰይድ አጨበጨበ። «ድገሚው!» ተባልኩ፤ ደገምኩት። ዓይኔን ከአያ ይመር ላይ አላነሣሁም፤ ባነሣ ኖሮ አልጨርሰውም ነበር።

አያ ይመር ተነሡ። ከኪሳቸው ቁልፍ አወጡ፤ ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ወደ በሩ ሄዱ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፉ ብረቱን እየመታ ቀዳዳውን ይስታል። ሊያግዛቸው የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። እኛም ቆመን ጠበቅናቸው። በሩ ተከፈተ።

«ነገ ሰርግ አለ» አሉ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ሁለታችሁም። አንዳችሁ ከቀራችሁ ሌላችሁም አትምጡ።»

ሰይድ ገመዱን ሲፈታ ያየሁት ፍጥነት! ሰዉ ሁሉ መኪናው ላይ ወጣበት። አልጋው ገባ፣ ምድጃው ገባ፤ የተሰበረው መስታወቱ ነበር። ሰይድ ሻይ እንኳን ሳይጠጣ «እትዬ፣ ድምፅሽ ደግ ነው፤ ግን በሌላ ሾፌር!» ብሎ ወረደ። መብራቱን በየመታጠፊያው ቁልቁል አየሁት፤ ውጫሌ ገባሁ ብሎ እስኪደውል ድረስ ልቤ አልረጋም።

አራጋው ፍራሹን ዘርግቶ ጨረሰና አጠገቤ መጥቶ ቀጥ ያለችውን ጣቱን መዳፌ ውስጥ አስቀመጠልኝ። አለቀስኩ።

ከዚያ እናቴ ደወለች።

«ደረሳችሁ?»

«ደረስን።»

«ድምፅሽ ምን ሆነ?»

«ስዘፍን ነበር።»

«ቤት ውስጥ?»

«ሰው ፊት።»

መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ አየሁት፤ አልተቆረጠም።

«ሰው ወደደው?» አለችኝ እናቴ።

«እኔንጃ» አልኳት። «ቤት ሰጡን።»